የዋት ቁጥርና የቤት አምፕሊፋየር ምርጫ፦ ከሆሳዕና ከፍታ ሲታይ

በሆሳዕናም ሆነ በሀቢቾ፣ በዱራሜም ሆነ በሺንሺቾ፣ ለቤቱ አምፕሊፋየር ሊገዛ የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም በካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን ቁጥር ያነብለታል። የወራት ቁጠባ የሚፈስበት ውሳኔ በዚህች አጭር ጥያቄና መልስ ይደመደማል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ጥያቄው ከተሳሳተ ቦታ ይነሣል የሚል ነው፤ ከዋቱ በፊት ስፒከሩ፣ ክፍሉ፣ የመብራቱ ጠባይ፣ ጠጋኙና፣ ጨርሶ የማይነሣው፣ ከተሞቻችን የተቀመጡበት ከፍታ ሊጠየቁ ይገባል።

ከቁጥሩ እንጀምር። «ፒ ኤም ፒ ኦ» በሚል ስያሜ የሚጻፈው ዋት የሚለካበት አንድ ወጥ ደንብ የለውም፤ አምራቹ የፈለገውን ቢጽፍ የሚጠይቀው መስፈርት የለም። አሜሪካውያን ይህን መሰሉን ማጋነን ለመግታት በ1974 እ.ኤ.አ. በፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው በኩል የአምፕሊፋየር ኃይል እንዴት ተለክቶ እንደሚነገር የሚወስን ደንብ አውጥተዋል፤ በ2024ም አጥብቀውታል። እኛ ዘንድ ግን ገዢው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ፍተሻ አለ፤ ዕቃውን ገልብጦ ከጀርባው የተለጠፈውን የኃይል ፍጆታ ማንበብ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በደኅንነት መስፈርቶች ፍጆታው የሚለካው አምፕሊፋየሩ ከሙሉ ኃይሉ አንድ ስምንተኛውን ሲሰጥ ስለሆነ፣ የጀርባው ቁጥር ከፊተኛው ማነሱ ብቻውን ማታለል አይደለም። ነገር ግን ፊቱ ላይ 1,000 ዋት ተጽፎ ጀርባው 60 ዋት ቢል፣ የ1,000 አንድ ስምንተኛ 125 ነውና፣ 60 ዋት ስቦ 125 ዋት የሚሰጥ ዕቃ መኖር አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በሆሳዕና ቢገኝ የፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን ሥራ ይበዛበታል።

በእርግጥ ስንት ዋት ያስፈልጋል? አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል የሚያሰማ መካከለኛ ስፒከር እንውሰድ። አድማጩ በሦስት ሜትር ርቀት ቢቀመጥ ድምፁ ወደ 77.5 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ሁለት ስፒከሮች ሲሆኑ ወደ 80.5 ይመለሳል፤ ግድግዳዎቹ የሚመልሱትን ገና አልቆጠርንም። በቤት ውስጥ 75 ዴሲቤል በቂ የማዳመጫ መጠን ነው። ከበሮ ሲመታ ወይም ዘማሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከዚያ 15 ዴሲቤል ወደ ላይ ቢዘል 90 ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ስፒከር ዘጠኝ ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ 20 ዴሲቤል ቢዘል እንኳ 28 ዋት። ኃይሉን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው ሦስት ዴሲቤል ነው፤ የ50 ዋቱን ትቶ የ100 ዋቱን የገዛ ሰው ያተረፈው ይህንኑ ነው። 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር መግዛት ያንኑ ያህል ያስገኛል፤ ከመብራት ቆጣሪው ላይ አንዳች ሳይጨምር።

ስለ ጥራትም ቢሆን በአምፕሊፋየሮች መካከል ያለው ልዩነት ከሚወራው ያነሰ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ኳድ ኩባንያ አንድ የቫልቭና ሁለት የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮቹን ለአድማጮች ሳይታዩ አሰምቶ ነበር፤ አድማጮቹ አስተማማኝ በሆነ መንገድ ሊለዩአቸው አልቻሉም። በሀዲይሳና በከምባትሳ የተዘመሩ አሮጌ ካሴቶችን ለሚያዳምጥ ሰው ደግሞ የቴፑ ሹክሹክታ ከማንኛውም ጤነኛ አምፕሊፋየር ጫጫታ እጅግ የላቀ ነው። የተረፈው ገንዘብ ወደ ስፒከሩ ይሂድ።

የከፍታው ጉዳይ ለዚህ አካባቢ ተመራማሪ ይበልጥ የሚገባ ይመስለኛል። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በነጻ የአየር ዝውውር የሚቀዘቅዝ የአሉሚኒየም ክንፍ ሙቀት የመስጠት አቅሙ ከአየሩ እፍጋት ካሬ ሥር ጋር ስለሚሄድ፣ ወደ አሥር በመቶ የሚሆነውን ያጣል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ደኅንነት መስፈርት፣ አምራቹ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ እስከ 2,000 ሜትር ላለ አጠቃቀም የተዘጋጀ ነው፤ ቻይናውያንም ከዚህ ከፍታ በታች ብቻ ለሚያገለግል ዕቃ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲለጠፍ ያስገድዳሉ። እኛ ከመሥመሩ በላይ ነን። አሥር በመቶ ለዘፈን ማድመጫ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ አምፕሊፋየሩን በቁም ሣጥን ውስጥ ዘግቶ፣ በላዩም የዳንቴል ጨርቅ ለሚያለብስ ቤት ግን ትራንዚስተሩን የሚያቃጥለው ይህ ጭማሪ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ አንጻር ሙቀቱ አነስተኛ የሆነው «ክላስ ዲ» ተመራጭ ይመስላል። ለአዳራሽ ይህን እቀበላለሁ። ለቤት ግን፣ ጠጋኙ በእጁ ካለው ብየዳ ጋር ሊደርስባቸው የሚችሉ ትላልቅ ትራንዚስተሮች ያሉት የ40 ዋት «ክላስ ኤቢ» ይሻላል እላለሁ፤ የክላስ ዲ ደቃቅ ቺፕ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ መላው ሰሌዳ ይጣላልና። ሲጠገን ደግሞ የመለዋወጫው ነገር አለ፤ በብዛት የሚሠራባቸው ቱ ኤስ ሲ 5200 እና ቱ ኤስ ኤ 1943 ትራንዚስተሮች አስመሳይ የሚበዛባቸው ናቸው። ከውጭ ዘመድ የላከው ያገለገለ አምፕሊፋየር መልካም ስጦታ ነው፤ ጀርባው ላይ 100 ወይም 120 ቮልት የሚል ከሆነ ግን ያለ ማውረጃ ትራንስፎርመር ከእኛ 220 ቮልት ጋር አይገናኝ።

መብራቱን በተመለከተ የሚፈራው አላግባብ የቮልቴጅ መውረድ ነው። ቀላል ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር በ180 ቮልት ሲሠራ ኃይሉ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ ይህም ከሁለት ዴሲቤል ያነሰ ነው፤ ብዙ ጆሮ አያስተውለውም። ዕቃ የሚገድለው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ከፍታ ነው። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ የሚያገናኝ መከላከያ ከትልቁ ስታቢላይዘር ይቀድማል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪ እዚህ ውስጥ ከአንድ በላይ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ከገበያችን አሥር አምፕሊፋየሮች ተገዝተው፣ ባለ 8 ኦም የጭነት ሬዚስተር፣ ኦሲሎስኮፕና ቴርሞሜትር ተይዞ፣ መዛባቱ አንድ በመቶ ሳይደርስ የሚሰጡት ዋት ይለካ፤ ከዚያም በአንድ ስምንተኛ ኃይል ለሁለት ሰዓት ሠርተው የክንፋቸው ሙቀት ይመዝገብ። ተመሳሳይ ልኬት በአዋሽ ሸለቆ ቆላ ቢደገም፣ ቀጭኑ አየራችን የሚጎዳንና ቀዝቃዛው አየራችን የሚጠቅመን እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በቁጥር ይታወቃል።