የጎደለው ናፍጣ አይደለም

ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና በሚያወጣው ዳገት ድንች የጫነ አይሱዙ ከፊታችሁ ከገባ፣ የሚታያችሁ መኪናው ሳይሆን ጭሱ ነው። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይረግጣል፣ ከማርሚታው እንደ ጥላሸት የጠቆረ ደመና ተግተልትሎ ይወጣል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አፍንጫቸውን በደብተር ይሸፍናሉ። ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ ግን ቅር አይለውም፤ እንዲያውም በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። «ወይ ጉልበት! ይሄ ፖምፓው ተከፍቷል ማለት ነው።»

«ፖምፓ ማስከፈት» በሆሳዕናም በሾኔም በዱራሜም በሺንሺቾም «መኪናዬ አይስብም» ብሎ ለመጣ ሰው ቶሎ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። ሥራው ቀላል ነው። በናፍጣ ፖምፓው ላይ ለሞተሩ የሚሄደውን ከፍተኛ የነዳጅ መጠን የሚወስን አንድ ብሎን አለ። ፋብሪካው ማንም እንዳይነካው በሽቦ አስሮ በማኅተም ዘግቶታል። ሽቦው ይቆረጣል፣ ዳዶው ይላላል፣ ብሎኑ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ይዞራል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የዳገቱ ሙከራ ይደረጋል፣ ሹፌሩ ይስቃል፣ ሒሳብ ይከፈላል።

እኔ ይህ መድኃኒት በሽታ ነው እላለሁ። የትም ቢሆን በሽታ ነው፤ እንደ ሐዲያና ከምባታ ባለ ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል።

የሚያስከፍቱት ሰዎች ክርክር ከንቱ አይደለም፤ እሱን አስቀድሜ ልናገር። አገሩ ዳገት ነው። ጭነቱ ድንች፣ ቆጮ፣ እህል፣ ሲሚንቶ ነው፤ ሁሉም ከባድ። በመስከረም የያሆዴና የመሳላ በዓላት ሲቃረቡ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የአገሩ ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይተማል፤ በዚያ ሳምንት አንድ ተጨማሪ ምልልስ የሠራ ሹፌር የወር ገቢውን ያስተካክላል። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህም ተጓዡ በዝቷል። ስለዚህ ሰዎቹ የሚፈልጉት ነገር ትክክል ነው፤ ጉልበት ይፈልጋሉ። የተሳሳቱት ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ሲገምቱ ነው። ጉልበት ናፍጣ ነው ይላሉ። እውነቱ ግን ናፍጣ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ከአየር ጋር ሲቃጠል ነው ጉልበት የሚሆነው።

አንድ ሊትር ናፍጣ በደንብ ለመቃጠል ቢያንስ 12 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ጭስ እንዳይኖረው ደግሞ ከዚያም በላይ። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ሞተር ከሚስበው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ወደ ዶዮገና ወይም ወደ አንጋጫ በኩል ስትወጡ ይበልጥ ይሳሳል። እዚህ ያለ ሞተር የራበው አየር ነው። እኛ ግን ለተራበው ውኃ እንደሚያጠጣ ሰው ናፍጣ እንጨምርለታለን።

በቁጥር እንየው። በመንገዳችን የሚበዛው ኤንፒአር 71 አይሱዙ 4.57 ሊትር ቱርቦ ሞተር አለው፤ ጉልበቱ 120 ፈረስ ገደማ ነው። ዳገት ላይ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት በግምት 24 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል። ፖምፓው ተከፍቶ መጠኑ በአንድ አምስተኛ ቢጨምር፣ በሰዓት 5 ሊትር ያህል ተጨማሪ ይገባል። ያ 5 ሊትር ቢያንስ 60 ኪሎ ተጨማሪ አየር ይጠይቃል። በሆሳዕና አየር 60 ኪሎ ማለት፣ አምስት በአምስት ሜትር የሆነ ክፍል እስከ ጣሪያው ድረስ የሚይዘው አየር ነው። ካቻቢቴው ያንን አየር ከየት አመጣው? ቱርቦው ትንሽ ይከተላል፤ ጭሱ ሲሞቅ ፈጥኖ ይሽከረከራልና ጥቂት አየር ይጨምራል። ቀሪው ናፍጣ ግን የሚቃጠልበት አየር አያገኝም። ግማሹ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፣ ግማሹ ዘግይቶ እየነደደ ፒስተኑንና ቱርቦውን ይጠብሳል።

ትልቁ ምጸት እዚህ ላይ ነው። የሞተር አምራቾች መመሪያ ከፍታ ሲጨምር ነዳጅ ይቀነስ ነው የሚለው። በአንዳንድ ፖምፓዎች ላይ ይህንኑ የሚሠራ፣ የአየሩን ግፊት እያየ ናፍጣውን የሚገታ ክፍል አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በስስ አየር ውስጥ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። ቀድሞውኑ ወገቡን ታጥቆ እየሮጠ ነው። ደጋ ላይ መጽሐፉ «ቀንስ» ይላል፣ የእኛ ጋራዥ «ጨምር» ይላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

«ግን ይስባል እኮ!» ይባላል። አዎ፣ ይስባል፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ፋብሪካው ሞተሩን ጫፍ ላይ አድርሶ አይሸጥም፤ ለሙቀት ቀን፣ ለቆሸሸ ፊልትሮ፣ ላረጀ ራዲያተር የሚሆን ትርፍ ይተውለታል። ፖምፓ የሚያስከፍት ሰው ያንን ትርፍ ነው ቆርሶ የሚበላው። የመጀመሪያው ወር ይጣፍጣል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ነበልባል ደግሞ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ነው። ፒስተኑ እስካሁን ያልቀለጠው ነበልባሉ ለአጭር ቅጽበት ብቻ ስለሚነካው፣ ትርፉ አየርና ከታች የሚረጨው ዘይት ስለሚያቀዘቅዙት ነው። አየሩ ከጠፋ፣ የቀረው ጠባቂ ዘይቱ ብቻ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ወንድሜ እንደ ብዙ የሐዲያ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱቅ ውስጥ ሌሊትና ቀን ቆሞ ያጠራቀመውን ገንዘብ አይሱዙ ገዛበት፤ የመኪናው ጠባቂ እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ሹፌሩ «ጋሼ፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ሞታለች፤ ፖምፓዋን እናስከፍት» አለኝ። እሺ አልኩ። ለሁለት ወር ያህል ማንም አልቀደማትም። በሦስተኛው ወር ሞተሩ መንገድ ላይ ነከሰ።

ቴስታታው ሲነሣ እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን ጫፉ እንደ ሻማ ቀልጦ ወደ ጎን ፈስሷል፤ ትንሹ ጣቴን የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። ሞተሩን ያወረደው ሽማግሌ መካኒክ ግን ፒስተኑን ብዙም አላየውም። ከቱርቦው የሚወጣውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በእጁ ዳበሰ፣ ገለበጠው፣ ከሥር በኩል በዘይትና በአቧራ የተሸፈነ የጣት ርዝመት ስንጥቅ አሳየኝ። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ መሬት ላይ መታው፤ እፍኝ ሙሉ ቀይ አቧራ ፈሰሰ። «ልጄ፣ ይቺ መኪና እኮ ናፍጣ አልጎደላትም ነበር» አለኝ። «ትንፋሽ ነው ያጠራት። እናንተ ደግሞ ታንቃ ሳለ አጎረሳችኋት።»

አየሩ በስንጥቁ ሲያመልጥ ጉልበት ቀነሰ፤ ጉልበት ሲቀንስ ናፍጣ ጨመርን፤ ናፍጣ ሲጨመር እሳት በዛ። የቱቦው ዋጋ ከአዲሱ ፒስተን፣ ከጋርኒሲዮኑ፣ ከኩሽኔታውና ከእጅ ዋጋው ጋር ሲተያይ የሚጠራ አልነበረም። ይህን ያህል ግልጽ ስሕተት እንዴት ልማድ ሆኖ ይኖራል?

ይኖራል፤ ምክንያቱም ፖምፓ የሚያስከፍተው ሌላ፣ ፒስተን የሚከፍለው ሌላ ነው። ሹፌሩ የሚያገኘው ከምልልስ ብዛት ነው፤ ቶሎ መውጣት ለእሱ ገንዘብ ነው። መካኒኩ በአምስት ደቂቃ ሥራ ይከፈለዋል፣ ደንበኛውም ረክቶ ይሄዳል፤ ቱቦ ለቱቦ ዳብሶ ስንጥቅ ለመፈለግ ግማሽ ቀን ቢያጠፋ ግን «ምን ሠራህና?» ብለው ይከራከሩታል። ባለንብረቱ ጆሃንስበርግ ወይም አዲስ አበባ ነው፤ የሚሰማው «መኪናዋ አሁን ትስባለች» የሚለውን ብቻ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ፣ ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ፣ በጭስ የሚባክነው ናፍጣም የሚቀልጠው ፒስተንም ዋጋቸው ናረ። ልማዱ ግን አብሮ አልተለወጠም፤ ሒሳቡን የሚያየው ሰው ብሎኑ በሚዞርበት ቦታ የለምና።

ይኸው እምነት ልብስ ቀይሮ ወደ አዳዲሶቹ መኪኖችም ገብቷል። የናፍጣውን ግፊት ከ1,000 ባር በላይ በሚያደርሱት የዛሬ ሃይሩፍ ሞተሮች ላይ የሚዞር ብሎን ስለሌለ፣ ኮምፒውተሩን የሚያታልል ትንሽ ሣጥን ይገጠማል፤ «ቺፕ» ይሉታል። አዲስ አበባ ውስጥ ቱርቦ ያላቸውን የቤንዚን መኪኖች የሚያስተካክሉ ወጣቶች ደግሞ ገና ቱርቦውን ሳይነኩ «ትልቅ ፖምፓ» ከውጭ ያስመጣሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ቤንዚንና ናፍጣ በዚህ ነገር ተቃራኒ ናቸውና። ናፍጣ ሞተርን የሚያቃጥለው ነዳጅ ሲበዛ ነው፤ ቱርቦ ያለውን ቤንዚን ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅ ሲያንስ ነው። ስለዚህ የቱርቦ ግፊት በእርግጥ ለጨመረ የቤንዚን መኪና ፖምፓ መቀየር ቅንጦት ላይሆን ይችላል።

ግን እዚያም ቢሆን ልኬት ይቅደም። 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱርቦ ቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ በሰዓት 75 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በነባሩ ፖምፓ ይህ ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚለውን የሚመልሰው የነዳጅ ግፊት መለኪያ ነው፤ ወሬ አይደለም። ነዳጁ ያለ ቱርቦ 3 ባር ከሆነና ቱርቦው 1 ባር ሲገፋ ግፊቱ 4 ባር ላይ ከቆመ፣ ፖምፓው በቂ ነው፤ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አስቀምጡ። ቱርቦው ሲገፋ የነዳጁ ግፊት ወደ ታች ከወረደ እጥረት አለ። ያኔም መጀመሪያ ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ ለፖምፓው የሚደርሰውን ቮልት እዩ፤ ያረጀ ሽቦ ደህናውን ፖምፓ ያደክማል። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ፖምፓ ይቀየር። ያኔ አልከራከርም። ትልቅ ፖምፓ ግን በራሱ አንድ ፈረስ እንኳ አይወልድም፤ ሞተሩ የጠየቀውን ያቀርባል እንጂ።

ለአይሱዙውም እንደዚሁ ነው። መኪና አልስብ ሲል መጠየቅ ያለበት በቅደም ተከተል ነው፦ የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ነው? ከቱርቦ እስከ ሞተር ያለው ቱቦ፣ ከሥርም ጭምር፣ ደህና ነው? የናፍጣ ፊልትሮው መቼ ተቀየረ? ከታንኩ በሚመጣው መስመር አየር ይገባል? ፍሬኑ ይዞ ይቀራል? ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል? ጭነቱስ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ስንት ይበልጣል? ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬው ፖምፓው ላይ ከወደቀ፣ ወርዶ በመለኪያ ማሽን ላይ ይታይ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል ያቀርብ እንደሆነ በጆሮና በጭስ ቀለም አይታወቅም። ለኮምፒውተር ሞተሮችም የምርመራ መሣሪያው የታዘዘውንና የተገኘውን ግፊት ጎን ለጎን ያሳያል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፖምፓው ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሁልጊዜ የሚረሳ። የወጣ ጭነት ይወርዳል። ፖምፓው የተከፈተለት አይሱዙ ፍሬኑ አልተከፈተለትም። ዳገቱን በተጨማሪ ጉልበት ስለወጣን ተጨማሪ ኩንታል እንጭናለን፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ያው የድሮ ፍሬን ነው የሚጠብቀን። ጭሱም ቢሆን ጠፍቶ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ የፈረጀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ «ጉልበት» የምንለው ያ ጥቁር ደመና ያለ አየር ተልኮ ያልተቃጠለ፣ ከፍለን የገዛነው ናፍጣ ነው፤ የሚያርፈውም በደብተር አፍንጫቸውን በሸፈኑት ልጆች ሳንባ ውስጥ ነው።

የእኛዋ አይሱዙ ተጠግና ከወጣች በኋላ ሽማግሌው መካኒክ ብሎኑን ወደ ቦታው መልሶ በሽቦ አሰረው። ቱቦው አዲስ ነው፣ ፊልትሮው አዲስ ነው። ሹፌሩ ፊቱን አጨማዶ ወደ ዶዮገና ይዟት ወጣ። ማታ ሲመለስ ምን እንደሚል ቆሜ ጠበቅሁት። ከጋቢና ወረደ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ ማርሚታውን በጨርቅ ጠረገና ጨርቁን አየው፤ ከዚያ ለእኔ ዘረጋልኝ። ጥላሸት የለውም ማለት ይቻል ነበር። «ዳገቱንስ?» አልኩት።

«ወጣች» አለኝ፤ ቅር ያለው ይመስል ነበር።