«ተርፏል» ብላችሁ አትሸኙት

ወዳጆቼ፣ ክረምት በገባ ቁጥር «መብረቅ ሰው ገደለ» የሚል ዜና እንሰማለን። ዛሬ የማወራው ግን ስለተረፉት ነው። መብረቅ ከሚመታቸው ሰዎች አብዛኞቹ እኮ ይተርፋሉ። ከተረፉ በኋላ ግን ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል?

እኔም አላየሁም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ እረኛ ልጅ በአጎቱ ተደግፎ ጤና ጣቢያችን መጣ። ዛፍ ሥር ተጠልሎ ነው የመታው። እግሮቹ ለሰዓታት አልታዘዝ ብለውት ነበር፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ይራመዳል። ደረቱ ላይ ትንሽ ቃጠሎ አለ። አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ማስታገሻ ሰጥቼ «ተመስገን በሉ» ብዬ ሸኘኋቸው። አጎትየው መርቆኝ ሄደ።

ከወራት በኋላ ሲመለሱ ልጁ ስጠራው አይዞርም። ጆሮው መግል ይዟል። ያን ቀን ጆሮውን አላየሁትም። ማያው መሣሪያ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ክፍል ውስጥ የጨቀጨቅኳችሁ ለዚህ ነው። የመብረቅ ጉዳት በቃጠሎው ስፋት አይለካም። ቆዳው ደህና መስሎ ልብ፣ ነርቭና ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ፦

ኢሲጂ አንሱ። ደረቱን ካመመው፣ ራሱን ስቶ ከነበረ ወይም ኢሲጂው ከተዛባ አስተኝታችሁ ተከታተሉት፤ ትሮፖኒንም ይታይለት። ኢሲጂ ከሌላችሁ ሪፈር ጻፉ።

የጆሮውን ታምቡር እዩ፤ ብዙ ጊዜ ይቀደዳል። እይታውን ለኩ፤ የዓይን ሞራ ቆይቶም ሊመጣ ስለሚችል ተመልሶ እንዲመጣ ንገሩት። ሽንቱ ከጠቆረ ጡንቻው ተጎድቶ ይሆናል፤ ኩላሊቱን አስቡ። ተወርውሮ ከወደቀ አንገቱንና ጀርባውን መርምሩ። ነፍሰ ጡር ከሆነች የጽንሱን ልብ አዳምጡ።

ብዙ ሰው አንድ ላይ ከተመታ ደግሞ የሚጮኸው ይቆይ፤ ዝም ያለው ይቀድማል። ልቡ በራሱ ተመልሶ ሊመታ ይችላል፤ ትንፋሹ ካልተመለሰ ግን ልቡ እንደገና ይቆማል። የዓይኑ ብሌን ስለሰፋ ብቻ «ሞቷል» አትበሉ። ሰውነቱ ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ መብረቁ አሁንም የሚያሰጋ ከሆነ ፈጥናችሁ ከቦታው አውጡትና ትንፋሽ ስጡት፣ ደረቱን ተጫኑ። አፈር ማልበስ ደቂቃ ከማባከን በቀር አይጠቅመውም።

«መሣሪያ የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ የለም። ግን ጆሮ ለማየት፣ ሽንቱ ምን እንደሚመስል ለመጠየቅ፣ «በሳምንት ተመለስ» ለማለት ምን ይጎድላል? እኔ የጎደለኝ መሣሪያ አልነበረም፤ ልጁ ቆሞ ሲሄድ ማየቴ በቂ መስሎኝ ነው።

አጎትየው ሁለተኛ ሲመጣም አልተቆጣኝም። እንደገና መረቀኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በዚህ ክረምት አንድ እንዲህ ያለ ልጅ በራችሁ ከገባ፣ ከመሸኘታችሁ በፊት ጆሮውን እዩልኝ።