ለመሆኑ ይህ አባባል ከማን ተያዘ?

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከራሳችን ስህተት የተገኘ ነው።

በሙያችን የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነን። ከዓመታት በፊት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ሃያ ያህል የእንግሊዝኛ አባባሎችን በሰሌዳ ላይ ጽፈን እናስረዳ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ «ተራራው ወደ ሙሐመድ ካልመጣ ሙሐመድ ወደ ተራራው ይሄዳል» የሚል ነበር። «ነገሩ እንዳሰብከው ካልሆነልህ አንተው ተነስተህ ሂድበት ማለት ነው» ብለን አለፍነው። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ጠዋት ጠዋት በመድረሳ የምናስተምራት አንዲት ልጅ ቀረብ አለችና «ኡስታዝ፣ ይህ ሐዲስ ነው? ማን ነው የዘገበው?» ስትል ጠየቀችን።

መልስ አልነበረንም። «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ?» እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስም ያለበትን ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፍ ገልብጠን ስንጽፍ ኢስናዱን መጠየቅ እንኳ ትዝ አላለንም። የመድረሳው ትምህርት መድረሳ፣ የአስኳላውም አስኳላ ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ፈልገን አገኘነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ፈላስፋና የሕግ ሰው ፍራንሲስ ቤከን በ1625 ባሳተመው የድርሰቶች ስብስብ ውስጥ ስለ ድፍረት የጻፈው አንድ ድርሰት አለ። በዚያ ላይ ነቢዩ ሕዝብ ሰብስበው ኮረብታውን ወደራሳቸው እንደጠሩ፣ አልመጣ ሲል ግን ሳያፍሩ «እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ» እንዳሉ አድርጎ ይተርካል። ቤከን ታሪኩን ያመጣው ሰውን አታለው ሲጋለጡ ፊታቸው ቅር ለማይለው ሰዎች ምሳሌ አድርጎ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ በሐዲስ መዛግብት ውስጥ የለም። ዛሬ አባባሉን የሚናገረው እንግሊዛዊ ስድብ አስቦ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ አብዛኛው ከየት እንደመጣም አያውቅም። የእኛ ልጅ ግን ማወቅ አለበት።

ከዚያ ወዲያ የቀሩትን አባባሎችና ቃላት አንድ በአንድ «ከማን ተያዝክ?» እያልን መጠየቅ ጀመርን። አንዳንዱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ አንዳንዱ ደግሞ ጉድ ነው። ለምሳሌ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «ማመት» የሚባል ቃል ነበር። የነቢዩ ስም በፈረንሳይኛ ተበላሽቶ ከተጠራበት አጠራር የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ጣዖት» ነበር፤ በኋላም የአሻንጉሊት መጠሪያ ሆነ። ጣዖታትን ከካዕባ ያስወገዱትን ነቢይ ስም ለጣዖት! ሰዎቹ አንድ ሙስሊም ጎረቤት ቢኖራቸው ኖሮ ይህ ቃል ሳምንት ባልቆየ ነበር።

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ እንግሊዞች «ቱርክ ሆነ» ሲሉ «ሰለመ» ማለታቸው ነበር፤ በዚያው አፍ «ከዳ፣ ከፋ» ማለትም ነበር። ጃክ ዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ወንበዴ ቱኒስ ገብቶ ሰለመና ዩሱፍ ረኢስ ተባለ። ሮበርት ዳቦርን የተባለ ደራሲ በ1612 ስለዚሁ ሰው ባሳተመው ቲያትር ውስጥ ዋርድ ራሱን ወግቶ ሲሞት ይታያል። እውነተኛው ዋርድ ግን በዚያ ጊዜ በሕይወት ነበር፤ ከዚያም ዓመታት ያህል በቱኒስ ተመቻችቶ ኖሯል። ወንበዴ ነበርና ጠበቃ ልንቆምለት አንፈልግም። ነገር ግን ቲያትሩ የቀጣው በወንበዴነቱ ብቻ አልነበረም።

እስካሁን ያየናቸው ሃይማኖታችንን የሚነኩ ናቸው። የሚቀጥለው ግን ሃይማኖትንና መደብን አንድ ላይ የያዘ ነው። እንግሊዝኛ የመሳፍንት ዘር የሆነውን ሰው «ብሉ ብለድ»፣ ሰማያዊ ደም ያለው ይለዋል። ቃሉን በ19ኛው መቶ ዘመን የወሰደው ከስፓኒሽ ነው። የካስቲል ነባር ቤተሰቦች ከሙስሊምም ሆነ ከአይሁድ ጋር ደማችን አልተቀላቀለም ይሉ ነበር፤ ማስረጃቸውም በነጣው ቆዳቸው ሥር ሰማያዊ መስሎ የሚታየው የደም ሥር ነበር። መሬት ሲቆፍር ፀሐይ ያጠቆረው ገበሬ ይህ «ማስረጃ» የለውም። ነገሩ በጉራ ብቻ አልቀረም። በቶሌዶ ከተማ በ1449 ዘራቸው ከአይሁድ የሚመዘዝ ክርስቲያኖች ሹመት እንዳይዙ ተደነገገ። ግራናዳ በ1492 ከወደቀች በኋላ በግድ የተጠመቁት የሙስሊሞች ልጆችና የልጅ ልጆችም ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት ወደ 300,000 የሚጠጉ ሆነው ከአገራቸው ተባረሩ። የተባረሩት በሃይማኖት ስም የተጠመቁ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ደማቸው ግን አልተጠመቀላቸውም።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። «ቪለን» ማለት ዛሬ በፊልም ላይ ክፉው ሰው ነው። ድሮ ግን በጌታ መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ማለት ነበር። «ኔቭ» ዛሬ አጭበርባሪ ነው፤ ድሮ ልጅ፣ ቀጥሎም አሽከር ማለት ነበር። በአንጻሩ «ጄነረስ»፣ ማለትም ለጋስ የሚለው ቃል መነሻው በላቲን ከጥሩ ዘር የተወለደ ማለት ነው። «ኖብል» እና «ጄንትል»ም እንዲሁ የዘር ስም ሆነው ተነስተው የጠባይ ስም ሆኑ። የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1960 ስለ ቃላት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አካሄድ አሳይቷል። የድሃው ስም የኃጢአት ስም ሆነ፤ የጌታው ስም የደግነት ስም ሆነ። ታዲያ ድሃው ለጎረቤቱ ዱቄት ሲያበድር ምን ተብሎ ይጠራ ኖሯል? መዝገበ ቃላቱን የጻፈው እሱ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስገረመን «ያልታጠበው ሕዝብ» የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ ለተራው ሕዝብ የተሰጠ የንቀት ስም ሲሆን ደራሲው ቡልወር ሊተን በ1830 በታተመ ልብ ወለዱ ከተጠቀመበት ወዲህ ታወቀ። በዚያው በ1830 በእንግሊዝ አገር ሳሙና ቀረጥ ይከፈልበት ነበር! ቀረጡ በ1712 ተጥሎ የተነሳው በ1853 ነው። የመንግሥት ቀራጮች ሳሙና የሚፈላበትን ጋን ክዳን በቁልፍ እስከመቆለፍ ይደርሱ ነበር፤ ባለፋብሪካው ተደብቆ እንዳይሠራ። የውሃ ኩባንያዎችም ለድሆች መንደር ውሃ የሚለቁት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበርና ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ ዙሪያ ባልዲ ይዞ ይሰለፍ ነበር። ሳሙናውን በቀረጥ አስወድደው፣ ውሃውን በሰዓት ቆጥበው፣ ከዚያ «ያልታጠበ» አሉት። ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ቀረጡን ግን ማን ያስታውሰዋል?

ይህን ስናስተምር አንድ ከገጠር የመጣ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የኛስ ባላገር?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን የሚስቅ አልነበረም፤ ጓደኞቹ በዚያ ስም እንደሚጠሩት በኋላ ሰማን። ባላገር ማለት የአገር ባለቤት ማለት ነው። የአገር ባለቤት መባል እንዴት ስድብ ሆነ? ከተማው ከገጠሩ በልቶ ገጠሩን ይንቃል፤ እንግሊዝም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

«ጨዋ»ም አስገራሚ ጉዞ አለው። በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ካህን ያልሆነ ነው። እንግሊዝኛም ካህን ያልሆነውን ሰው «ሉድ» ይለው ነበር። ከአንድ ቦታ የተነሱት ሁለቱ ቃላት መንገዳቸው ተለያየ፤ «ሉድ» ወርዶ ወርዶ ዛሬ ብልግና ሆኗል፣ የኛው «ጨዋ» ወጥቶ መልካም ጠባይ ያለው ሆኗል። ምክንያቱ እንደሚመስለን ጨዋ በድሮ ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ጭፍራ ስም ስለነበረ ነው፤ ጦር የያዘን ሰው ማን ባለጌ ይለዋል? ጨዋ ማለት ባሪያ ያልሆነ ማለትም እንደነበር ስናስብ ግን፣ ልጆቻችንን ስናመሰግን ሳናውቅ የማን አያት ላይ እንደምንፈርድ ያሳስበናል።

አባባል ቀላል ነገር ነው የሚል ካለ ወላጆቹን ይጠይቅ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሰልፍ የወጡት ሙስሊሞች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላችን ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበር። «የሚኖሩ» የምትለዋ አንዲት ቃል ባለቤቱን እንግዳ ታደርገው ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ስለ አባባል መነሻ የሚወራ ሁሉ እውነት አይደለም። እንግሊዞች «የቀን ብርሃን ዘረፋ» የሚሉት አባባል በመስኮት ላይ ከተጣለ ቀረጥ የመጣ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ከ1696 እስከ 1851 የመስኮት ቀረጥ መኖሩ እውነት ነው፤ አባባሉ ከዚያ መምጣቱን ግን ማንም አላረጋገጠም። ወሬው ያማረ፣ ኢስናዱ ግን የተቆረጠ ነው።

የልጅቷ አባት ነገሩን ሰምተው ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ነበር። «ኡስታዝ፣ ይህ የተራራ ነገር ለልጆቹ ምን ያደርግላቸዋል? ይሰረዝና ይቅር» አሉን። «ሐጂ፣ እኛ ብንሰርዘው በመጽሐፍም በሬዲዮም ያገኙታል፤ ያን ጊዜ አጠገባቸው የሚነግራቸው ሰው የለም» አልናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው ከነጉዱ አስተምሯቸው» ብለው ሄዱ። ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አልመሰለንም።

ለዚህ ዓመት ተማሪዎቻችን ደግሞ አንድ የቤት ሥራ ሰጥተናል። እያንዳንዳቸው በሰፈራቸው ሰው የሚናቅበትን አንድ አባባል ከነመነሻው ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይመጣሉ፤ አያቶቹ ከማን እንደሰሙትም ይጽፋሉ። ደብተሮቹን የምንሰበስበው ሰኞ ነው። እናንተም አንባብያን የምታውቁት ካለ በዝግጅት ክፍሉ አድራሻ ጻፉልን፤ ከማን እንደሰማችሁት መጻፍ እንዳትረሱ።