የሐይቅ ጥቁር አሸዋና የኬሚስቱ ማግኔት

በዚህ ወር የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ማግኔት እንጨዋወታለን። ማግኔት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከተበላሸ የሬዲዮ እስፒከር ተፈልቅቆ ልጆች ሚስማር የሚለቅሙበትን ጥቁር ቀለበት ነው። ኬሚስቶች ግን ላለፉት 40 ዓመታት ያህል ከዚህ እጅግ የተለየ ማግኔት ለመሥራት ሲደክሙ ቆይተዋል። ምኞታቸው አንዲት ሞለኪውል ብቻዋን ማግኔት እንድትሆን ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። ነገር ግን የእነዚህ ሊቃውንት ሥራ የተመሠረተበት ምሥጢር በሐይቅና በአምባሰል ወንዞች አሸዋ ውስጥም አለ።

ጥቁሩ አሸዋ ከየት መጣ?

ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል በዳርቻው ላይ ጥቁር መስመር ሠርቶ የሚቀር ደቃቅ አሸዋ አለ። አሸዋው ከደረቀ በኋላ ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ ብትጎትቱበት ጥቁር ፍሬዎች እንደ ጸጉር ቆመው ይያዛሉ። ፌስታሉን ከማግኔቱ ስትለዩት ወዲያው ይረግፋሉ። ከእነዚህ ፍሬዎች አብዛኞቹ ማግኔታይት የሚባል ማዕድን ናቸው። ማግኔታይት ከብረትና ከኦክሲጅን የተሠራ ነው።

ምንጩም ሩቅ አይደለም። የአምባሰል ተራሮች እንደ ደረጃ የተደራረቡ ሆነው የሚታዩት ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ በተነባበረ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ስለተሠሩ ነው። አብዛኛው ክምር የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ በሰሜን ኢትዮጵያ አንዳንድ ስፍራዎች ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የማግኔታይት ፍሬዎች ተፈጠሩ። ድንጋዩ በዝናብና በጎርፍ ሲበላ ፍሬዎቹ ታጥበው ወደ ወንዙ፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

እነዚህ ፍሬዎች ትዝታ አላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ንጹህ ማግኔታይት ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲሞቅ ማግኔትነቱን ያጣል። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ግን በዚያች ሰዓት የምድር መግነጢስ ወዴት ያመለክት እንደነበር ይዞ ይቀራል። እ.አ.አ. በ1998 የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከሊማሊሞና ከወሎዋ ወገል ጤና ድንጋይ እየወሰዱ የዚህን ትዝታ ንባብ አሳትመዋል። ከንብርብሮቹ አንዳንዶቹ ዛሬ የኮምፓስ መርፌ ከሚያሳየው ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ተገኝተዋል። ቅልጡ ይፈስ በነበረበት ዘመን የምድር ሰሜንና ደቡብ ዋልታ ተገለባብጦ ነበር ማለት ነው።

ኮምፓስና ቂብላ

ከመስገጃ ጋር የምትሸጠዋን ትንሽ ኮምፓስ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ማግኔትን ለቂብላ መጠቀም የቆየ ነገር ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን፣ በኋላ ሱልጣን የሆነው አል-አሽረፍ ዑመር ቂብላን በኮምፓስ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ጽፎ ነበር።

ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። መካ የምትገኘው ከሐይቅ ከተማ በስተሰሜን 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። ስለዚህ መርፌዋ ወደ ሰሜን ስትዞር በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ወደ ካዕባ ትዞራለች። የምድር የመግነጢስ ወገብም በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ በዚህ አካባቢ መርፌዋ ወደ ታች ሳትዘነበል ተስተካክላ ትቀመጣለች።

ሆኖም አንድ ማሳሰቢያ አለ። በብረት በር፣ በቆርቆሮ ግድግዳ ወይም በእስፒከር አጠገብ መርፌዋ ትሳሳታለች። የሞባይል ስልክ ኮምፓስም የሚሠራው በመግነጢስ ስለሆነ እንዲሁ ይሳሳታል። መብረቅ የመታው ጥቁር ድንጋይም ጠንካራ ማግኔት ሊሆን ስለሚችል፣ በተራራ ላይ አቅጣጫ የሚፈልግ ሰው ከቋጥኙ ራቅ ብሎ ደግሞ ቢለካ ይመረጣል።

የገመድ ጉተታው

ለመሆኑ ማግኔትነት ከየት ይመጣል? በአቶም ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ራሱ እጅግ ትንሽ ማግኔት ነው። ኤሌክትሮኖች ጥንድ ሲሆኑ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ስለሚያመለክት አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል። እንደ ብረትና ማንጋኒዝ ባሉ አቶሞች ውስጥ ግን ጥንድ ያላገኙ ኤሌክትሮኖች ይቀራሉ።

በማግኔታይት ውስጥ የብረት አቶሞች ሦስት ሦስት ሆነው ከአራት ኦክሲጅን ጋር ይቀናጃሉ። በመካከላቸው ያለው ኦክሲጅን ግማሾቹን በአንድ ወገን፣ ግማሾቹን በተቃራኒው ወገን ያሰልፋቸዋል። ይህም ገመድ ጉተታን ይመስላል። ከሦስቱ ሁለቱ እኩል ተጓትተው ይጠፋፋሉ፤ የሦስተኛው ጉልበት ግን ትርፍ ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩን አሸዋ ማግኔት የሚስበው በዚህ ትርፍ ምክንያት ነው። ይህን ያልተመጣጠነ ጉተታ የገለጸው ፈረንሳዊው ሊዊ ኔል እ.አ.አ. በ1970 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

የኬሚስቱ ሥራ

ተራ ማግኔት የሚሆነው እልፍ አእላፍ አቶሞች ባንድ ላይ ሲሰለፉ ነው። ኬሚስቶች ግን ያንኑ ጉተታ በአንዲት ሞለኪውል ውስጥ ማካሄድ ቻሉ። እ.አ.አ. በ1980 ፖላንዳዊው ኬሚስት ታዴዩሽ ሊስ 12 የማንጋኒዝ አቶሞችን በኦክሲጅንና ከኮምጣጤ አሲድ በሚገኝ ክፍል ያያያዘ ሞለኪውል አቀረበ። ስፋቱ ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እምብዛም አይበልጥም። በውስጡ ስምንት ማንጋኒዞች፣ እያንዳንዳቸው አራት ብቸኛ ኤሌክትሮን ይዘው፣ በአንድ ወገን ይጎትታሉ፤ ድምሩ 32 ነው። አራቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ይዘው በተቃራኒው ይጎትታሉ፤ ድምሩ 12 ነው። 20 ይተርፋል። ሒሳቡ ከሐይቅ አሸዋ ሒሳብ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

እ.አ.አ. በ1993 ጣሊያናውያኑ ሮበርታ ሴሶሊና ዳንቴ ጋቴስኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህች ሞለኪውል አንድ ጊዜ አቅጣጫ ከያዘች ብቻዋን እንደምታስታውስ አሳዩ። ከዜሮ በታች በ271 ዲግሪ ቅዝቃዜ ትዝታዋ ለወራት ይቆያል። ነገሩ ብዙዎችን ያጓጓው አንዲት ሞለኪውል አንድ የመረጃ ቁራጭ መያዝ ከቻለች፣ በጥፍር ላይ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ማኖር ይቻላል በሚል ተስፋ ነው።

ትልቁ ፈተና ሙቀት

እንቅፋቱ ሙቀት ነው። ሙቀት አቶሞችን ስለሚያንቀጠቅጥ ሰልፉን ይበትነዋል። ማግኔታይት ይህን እስከ 580 ዲግሪ ይቋቋማል፤ አንዲት ሞለኪውል ግን ጎረቤት የላትምና በቀላሉ ትረሳለች። የማንጋኒዟ ሞለኪውል ትዝታ የሚጸናው እጅግ ውድ በሆነው ፈሳሽ ሂሊየም ቅዝቃዜ ብቻ ነበር።

ከ20 ዓመት በላይ ከፈጀ ድካም በኋላ፣ እ.አ.አ. በ2018 ዲስፕሮሲየም የሚባል ብረት የያዘች ሞለኪውል ከዜሮ በታች እስከ 193 ዲግሪ ድረስ ስታስታውስ ተገኘች። ይህም የፈሳሽ ናይትሮጅንን ቅዝቃዜ ማለፍ ማለት ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን የከብት ማዳቀል ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚያቆዩበት ርካሽ ነገር ነው። እ.አ.አ. በ2025 ደግሞ ሌላ ሞለኪውል ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ደርሳለች። ከሰው ቤት ሙቀት ግን ገና ሩቅ ነው። በሌላ መንገድ፣ ብዙ ሞለኪውሎችን በማያያዝ፣ አሜሪካውያኑ ጆኤል ሚለርና አርተር ኤፕስታይን እ.አ.አ. በ1991 በክፍል ሙቀት የሚሠራ የቫናዲየም ማግኔት አቅርበው ነበር። እሱን ደግሞ አየር ያበላሸዋል።

ወጣቶቻችን ሆይ

በትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ብዙ ጊዜ ስም መሸምደድ ሆኖ ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአካባቢው ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። መሣሪያ የሌለው ተማሪ «ሳይንስ የእኔ አይደለም» ብሎ ተስፋ ቢቆርጥ ጉዳቱ ከንብረቱ ይብሳል።

ስለዚህ ይህን ሞክሩ። የልብስ መርፌ በማግኔት ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 40 ጊዜ ያህል አሹት። በደረቅ ቅጠል ላይ አድርጋችሁ ውሃ ላይ ብታንሳፍፉት ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዘረጋል። ከዚያም ትልቅ ሰው ባለበት በፒንሳ ይዛችሁ በከሰል ፍም ላይ ደማቅ ቀይ እስኪሆን አግሉት፤ ከማግኔቱ ርቆ ይቀዝቅዝና እንደገና አንሳፍፉት። አቅጣጫውን ረስቶ ታገኙታላችሁ። ሊቃውንቱ የሚታገሉት ከዚሁ ሙቀት ጋር ነው። «ለምን ረሳ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ የኬሚስቱን ጥያቄ ጠይቋልና፣ ወላጆች ጥያቄውን በቁጣ አትመልሱት።