የመንገዱ ምሁር በቆጂ ድረስ ይዝለቅ

በትራንስፖርትና በከተማ ፕላን ሁለተኛ ዲግሪ መሥራት ለነጋዴ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ከዚህ ገጽ ጋር የማይገናኝ ይመስል ይሆናል። ይሁንና ሱቅ ሊገዛ፣ ሊከራይ ወይም ሊያሻሽጥ የተነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መናኸሪያው የት ነው?» ብሎ ነው። እንግዲያውስ መናኸሪያው የት ይሁን ብሎ የሚያጠናው ባለሙያ የት ተምሮ፣ ምን ቆጥሮ እንደመጣ ማወቅ የኪስ ጉዳይ ነው።

በቆጂን እንውሰድ። ዓለም የሚያውቃት በደራርቱ ቱሉ፣ በቀነኒሳ በቀለና በጥሩነሽ ዲባባ ነው። የእህል ነጋዴ ግን በገብሷና በስንዴዋ ነው የሚያውቃት። ከአሰላ በስተደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ነች። ገብሷ በ1970ዎቹ ወደተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ሆነ ወደ አዳማና አዲስ አበባ ሲሄድ መውጫው ያው አንድ አስፋልት ነው። ወደ ዶዶላና ባሌ የሚያልፈው መኪናም በዚያው ነው የሚጓዘው። በገበያ ቀን አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ በፈረስ የመጣው ገበሬ አንድ ላይ ይጋፋሉ። በአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ላይ የተሠራ ቀመር ለዚህ መልስ የለውም፤ ፈረስን የት ያስገባዋል?

ነገሩን በብር እንየው። ለምሳሌ ያህል 50 ኩንታል የሚጭን መኪና አንድ ሰዓት ቢቆም ባለቤቱን 600 ብር ያሳጣዋል እንበል። መጫኛ ቦታ አጥቶ ሁለት ሰዓት ከተገተረ 1,200 ብር፣ በኩንታል 24 ብር ሄደ ማለት ነው። ፋብሪካ በር ላይ ያለው ዋጋ ለዚህ ተብሎ አይጨመርም። ስለዚህ ነጋዴው ወይ ከትርፉ ይቆርጣል፣ ወይ ከገበሬው ላይ ያወርዳል። ብዙ ጊዜ የትኛውን እንደሚመርጥ አንባቢ ያውቃል።

የሚያጠና ሰው ጠፍቶ አይደለም። ሕንጻ ኮሌጅ የምንለው፣ በ1946 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረው ተቋም፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የከተማ ፕላን ባለሙያ በማስተርስ ያስመርቃል። አምስት ኪሎ የመንገድና ትራንስፖርት ምህንድስና አለ። በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተመሠረተው ሲቪል ሰርቪስም የከተማ ሥራ አመራር ያስተምራል። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፉ ዞሮ ዞሮ እዚያው አዲስ አበባ ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር፣ የታክሲ ሰልፉ፣ አደባባዩ ተጠንቶ አያልቅም። ተማሪው ሰንፎ አይደለም። አብዛኛው ደመወዝተኛ ነው፤ አሰላ አድሮ፣ በቆጂ ወርዶ፣ ቆጣሪ ቀጥሮ የሚሠራበት ገንዘብ የለውም። ኢኮኖሚክስ ስንማር የጋራ ጥቅም የሚባለው ይኸው ነበር፤ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ከፋይ ግን የለም።

አርሲ ለቆጠራ እንግዳ አይደለችም። እነዚያው ስዊድኖች በ1960 ዓ.ም. ገደማ የጭላሎን የእርሻ ልማት፣ ካዱን፣ ሲያግዙ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከማደል ጋር የገበሬውን ማሳና ገበያ ያስጠኑ ነበር። ታዲያ የዛሬው የበቆጂ ነጋዴ አዋጥቶ የአንድ ማስተርስ ተማሪ የጥቂት ሳምንት ወጪ ቢችል ምን ይጎዳል? ተማሪው የገበያ ቀንና አዘቦት የሚያልፈውን ተሽከርካሪ፣ የመጫኛውን ሰዓት፣ ተሳፋሪው ከየት እንደሚመጣ፣ ጋሪው የት እንደሚቆም ይቁጠር። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። በእንዲህ ያለው ስብሰባ ነጋዴው «መናኸሪያው አይነሳብን» ብሎ ከመጮህ ቁጥር ይዞ ቢነሳ ይሰማል።

«ከፋዩ መናኸሪያውን ወደ ራሱ ሱቅ ያስጠጋዋል» የሚል ስጋት ይነሳል፤ ስጋቱም እውነት ነው። መናኸሪያ ሲዛወር አንዱ ሲከብር ሌላው ኪራይ ያጣል። መሬቱ ሊዝ ሳይወጣ ወሬው የደረሰው ሰው ምን እንደሚያደርግ ደላሎች ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ መዋጮው በተማሪው እጅ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው በኩል ይለፍ፤ ውጤቱም ከማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ይለጠፍ፣ ገበሬውም ደላላውም በአንድ ቀን ያንብበው።

አንድ ጉዳይ ግን አስቀድሞ ይታሰብበት። የደጋው ገብስ የሚታጨደውና የሚጫነው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ተማሪው ለዕረፍት ሲለቀቅ፣ በሐምሌ ዝናብ ሄዶ ቢቆጥር የሚያገኘው ባዶ መንገድ ነው። ውሉ በመስከረም፣ ቆጠራው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሁን።