የሐኪሙ ማስታወሻና የእኛ ዝምታ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። አባባሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማውም ክብደቱ የገባኝ ግን ስለ አንዲት ትንሽ የነሐስ ምስል ሳነብ ነው።

ምስሏ ክብ ነሐስ ላይ ጎላ ብሎ የወጣ የማርያምና የሕፃኑ ኢየሱስ ቅርጽ ናት። ስፋቷ 30 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጀርባዋ የቀለጠ መስታወት ፈስሶበት ቅጂዋ እንዲወጣ ሆኖ የተሠራ ነው። የፍሎረንሱ ቀራፂ ዶናቴሎ እ.ኤ.አ. በ1456 ላከመው ሐኪም ለጆቫኒ ኬሊኒ ሰጣት። በእኛ አገር ዘመኑ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነበር። ምስሏ ከጊዜ በኋላ እንግሊዝ አገር ገብታ፣ በአንድ የመኳንንት ቤት የሲጋራ መተርኮሻ እስከ መሆን ደርሳ ነበር ይባላል። የማን ሥራ እንደሆነች ለማወቅ የረዳው ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ የጻፈው ማስታወሻ ነው። ዛሬ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በክብር ተቀምጣለች።

ወደ ራሳችን እንመለስ። እኔ ያደግሁት በቃለ ሕይወት ቤተሰብ ውስጥ ስለሆነ ሥዕልም መስቀልም ተሳልሜ አላውቅም። ሆኖም ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር ሥራ ከሶዶ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ደብር ሄጄ ነበር። አንድ ያረጀ የእጅ መስቀል አይቼ «አባ፣ ይህን ማን ሰጠ?» ብዬ ጠየቅሁ። ቄሱም «ልጄ፣ እሱን የሚያውቁት አባት ባለፈው ዓመት አረፉ» አሉኝ። በቃ! ታሪኩ አብሮ ተቀበረ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ከአንድ ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ተመልሷል። እሱ ዝነኛ ነው፤ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ የገጠር መስቀል ቢሰረቅስ? በምን ምልክት «የኛ ነው» እንላለን?

«ፎቶ ማንሳት ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ትክክል ነው። ነገር ግን መመዝገብ ሌላ፣ ማተም ሌላ ነው። ጋዜጠኛ የሚያውቀውን ሁሉ እንደማያትም በሥነ ምግባር ኮርስ ተምረናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም ቢሆን ቅርስ እንዲመዘገብ ደንግጓል።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የሪፖርቲንግ ልምምድ ስንወጣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ሜትርና አንድ ደብተር እንያዝ። ፎቶውን፣ ልኩንና የሰጪውን ስም አባቶች ፈቅደው በሁለት ቅጂ እናዘጋጅ፤ አንዱ በደብሩ ሣጥን ይቆለፍ፣ ሌላው የዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጋ ይቀመጥ። እኛ ጋ ምንም አይቅር።

ኬሊኒ ጋዜጠኛ አልነበረም። ግን ምን እንደተሰጠው፣ ማን እንደሰጠው፣ መቼና ለምን እንደሆነ ጽፎ አለፈ። ይሄ እኮ የአንደኛ ዓመት ትምህርታችን ነው! እስቲ የቀሩት አባቶች ሳያልፉ ሄደን እንጠይቅ።