«ክበብ ምን ይሠራል?» ለምትሉን



ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ይዤ ሐይቅ ከተማ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የቱርክ መንግሥት በየዓመቱ ለሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል ሊያመለክት ነበር። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠይቁት ዝቅተኛ ውጤት 70 ከመቶ ነው፤ ለሕክምናና ለመሰል የጤና ዘርፎች ግን 90 ይላሉ። የእሱ የክፍል ውጤት ከ70 በላይ ስለሆነ በደስታ ጀመርን። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ትራንስክሪፕት እያልን ቆየንና አንድ ቦታ ላይ ተገተርን። ከትምህርት ውጭ በምን ተሳትፈሃል? የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ ስፖርት፣ ባህል፣ ሽልማት፣ ሰርተፊኬት ካለህ አያይዝ ይላል። ልጁ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። «አጎቴ፣ ባዶ ቢሆን ችግር አለው?» አለኝ።

ወላሂ ተናደድኩ። በልጁ አልነበረም ንዴቴ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ጃሪና ቱርክ ካምፕ ሲሰፍሩ ከመስጂድ ጀማዓው ጋር ዳቦና ልብስ ሲያመላልስ የከረመው ይኸው ልጅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዐስር ሰላት በኋላ የሰፈር ሕፃናትን አሊፍ ባ ሲያስቆጥር አይቼዋለሁ። የተበላሸ ስልክ ፈትቶ ይገጥማል። ይህን ሁሉ የሠራ ልጅ ፎርም ላይ ሲደርስ ባዶ ሆነ። ለምን? የሠራውን ማንም ስላልጻፈለት፣ ማንም ስላልፈረመለት፣ እንዲያውም ማንም «ይህ ሥራ ነው» ብሎ ስላልነገረው።

«ትምህርት ቤት ክበብ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። አለ። በወረቀት ላይ ሞልቷል። የፀረ-ኤድስ ክበብ፣ የሥነ-ዜጋ ክበብ፣ የፀረ-ሙስና ክበብ፣ የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሳይንስ፣ የልጃገረዶች ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ። እኔም በተማርኩበት ዘመን እንዲሁ ነበር። ኢንስፔክሽን ሊመጣ ሲል የክበቡ ስም በቆርቆሮ ላይ በቀለም ይጻፋል፤ ቃለ ጉባኤ በአንድ ሌሊት የዓመቱ ይሞላል፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ቆርቆሮው መጋዘን ይገባል። ለመምህሩም አልፈርድበትም። ክበብ አስተባብር የሚባለው ያለ ተጨማሪ ሳንቲም፣ ደሞዙ ወር በማያደርሰው በዚህ ኑሮ ነው። ግን መምህሩን ይቅር ብንለው እንኳ፣ ቆርቆሮውን እያየ «አበጃችሁ» ብሎ ፈርሞ የሚሄደውን አካል ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ይህን ባነሳሁ ቁጥር አንድ መልስ ይሰጠኛል። «ልጆቹ 50 ማምጣት አቅቷቸው አንተ ስለ ክበብ ታወራለህ? መጀመሪያ ይለፉ!» የሚሉኝ አስተማሪዎችም አሉ፣ አባቶችም አሉ፣ እዚሁ ፔጅ ላይ ኮሜንት የሚጽፉም አሉ።

እሺ፣ ወደ ቁጥሩ እንሂድ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በዚያ ዓመት ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ፤ ተሻሻለ ተባለ፣ አልሐምዱሊላህ።

አሁን እኔ ልጠይቅ። በእነዚያ ዓመታት የልጆቹን ጊዜ የበላው የትኛው ክበብ ነው? የትኛው ድራማ? የትኛው የሳይንስ ኤግዚቢሽን? እኛ አካባቢ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደጃችን ደርሶ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ጠፍቶ ነበር። ክበብ በሌለበት አገር ውጤቱን ክበብ ጣለው ማለት በሞተ ሰው ላይ እንደመመስከር ነው።

ደግሞ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ልጅ 91 ወይም 92ቱ 50 አላመጣም። የተወሰኑት በሬሜዲያል ይገባሉ። የቀሩትስ? 12 ዓመት ተምረው በእጃቸው የያዙት አንድ ቁጥር ነው፤ እሱም «ወድቀሃል» የሚል ቁጥር። ፎቶ ማንሳት፣ ሬዲዮ ላይ መናገር፣ ሒሳብ መያዝ፣ ሰው ማስተባበር፣ ኮምፒውተር መጠገን፣ አንዱንም ትምህርት ቤት አላስያዛቸውም። ያለፈውማ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቀዋል። ክበብ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ላላለፈው ነው! እኛ ግን «መጀመሪያ ይለፍ» እያልን በሩን የምንዘጋው በእሱ ላይ ነው።

ያን ልጅ ማን እንደሚቀበለው ደግሞ የወሎ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ደላላ ፎርም አያስሞላም። ሰርተፊኬት አይጠይቅም። በባቲ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ የሳዑዲ ድንበር። ከየሰፈራችን ስንት ልጅ በዚህ መንገድ ሄዶ ድምፁ እንደጠፋ፣ የስንቱ እናት እስከ ዛሬ በር በተንኳኳ ቁጥር እንደምትነሳ እኔ አልቆጥርላችሁም።

አንድ ሰው ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል የሚል ካለ በቆጂን ያስብ። አርሲ ውስጥ ያለች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያው ናቸው። ደራርቱ በ1984 ባርሴሎና ላይ፣ ፋጡማ በ1988 አትላንታ ላይ ወርቅ አጠለቁ፤ በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ፋጡማ ናት። ከእነዚህ ሯጮች ከበቆጂ ከወጡት መካከል በርካቶቹን ገና በልጅነት ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ስታዲየም አልነበራቸውም። የማየት ዓይንና ከክፍል ሰዓት ውጭ ያለውን ጊዜ የመስጠት ፈቃድ ነበራቸው።

እኛስ ምን አለን? ሐይቁ አለን። ሃያ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ከአርዲቦ የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ መውጫ የሌለው ሐይቅ። መውጫ ስለሌለው ከየተራራው የሚታጠበው አፈርና ከየማሳው የሚወርደው ማዳበሪያ እዚያው ይቀራል። ተመራማሪዎች ከሩቅ መጥተው ያጠኑታል፤ የእኛ ልጆች ግን ይዋኙበታል እንጂ አንድም ቀን ለክተውት አያውቁም። አንድ ምልክት የተደረገበት እንጨት ዳር ላይ ተክሎ፣ በየሳምንቱ ውሃው የት እንደደረሰ በደብተር መመዝገብ ስንት ብር ይፈጃል? ሁለት ዓመት ቢመዘገብ በየትኛውም የሳይንስ ውድድር የሚቀርብ ሥራ ነው። የአዲስ አበባ ሀብታም ትምህርት ቤት ሮቦት ሊገዛ ይችላል፤ ሐይቅ ግን አይገዛም። የምንበላው ቆሮሶ ራሱ በሰው እጅ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ የገባ ዓሣ መሆኑን ስንቱ ተማሪ ያውቃል?

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ ሙስሊሙ ቤት። እዚህ ላይ ቅር የሚለው ይኖራል፣ አፉ በሉኝ። ልጃችን ቁርኣን ሲያኸትም እንደግሳለን፣ ጎረቤት እንጠራለን፣ ሸይኹ ዱዓ ያደርጋሉ። ማሻአላህ፣ ደግ ልማድ ነው። ልጅን ማክበር እንችልበታለን ማለት ነው! ታዲያ ያው ልጅ በጥያቄና መልስ ውድድር አሸንፎ ሲመጣ ለምን «ጨዋታህን ትተህ አጥና» እንለዋለን? ነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ገና ታዳጊ የነበረውን ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውት በግማሽ ወር ተማረው። የኋላ ኋላ ቁርኣንን የመሰብሰብ አደራ የተጣለበት ይኸው ዘይድ ነው። ያንን ሁለተኛ ጽሕፈት ማንም «ከዲን ያዘናጋሃል» አላለውም።

የሴት ልጆቻችን ነገር ይብሳል። ደወል ሲደወል ወደ ውሃ፣ ወደ እንጀራ። በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ልጄ አትመሽብኝ የሚል ወላጅ አይሳሳትም፣ እኔም እላለሁ። ግን መፍትሔው ከክበብ ማስቀረት ነው ወይስ ሰዓቱን ማስተካከል? ዓርብ ከሰዓት ስብሰባ ጠርተው ከጁምዓ የሚመለሰው ልጅ ሲደርስ ኮሚቴ ተመርጦ የሚያልቅበትን ነገርም አይቻለሁ። ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያለን ሰዎች ሄደን ብንናገር ሰዓት ማዛወር የሚኒስትር ፊርማ አይፈልግም። አንናገርም። ቤታችን ቁጭ ብለን «ገለል አደረጉን» እንላለን።

ጅዳ፣ ዱባይ፣ አሜሪካ ያላችሁ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች፣ ለመስጂድ ድምፅ ማጉያ ስትልኩ አንድ ማይክሮፎን ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ጨምሩበት። የመስጂድ ኮሚቴዎች ደግሞ አንድ መዝገብ ክፈቱ። መድረሳ ያስተማረ፣ ለተፈናቃይ የለፋ፣ ቀብር ላይ የቆፈረ ወጣት ስሙ፣ ቀኑ፣ የሠራው ሥራ ይጻፍ፤ ሲጠይቅ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይሰጠው። ይህ ውለታ አይደለም፣ የሠራውን መመስከር ነው።

ያን ቀን ልጁን «አብሽር» አልኩትና ያቺን ቦታ ባዶዋን ትተን ላክነው። መልስ እስካሁን አልመጣም። ማመልከቻው በየዓመቱ ጥር መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። ታናሽ እህቱ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ናት፤ ሦስት ዓመት አላት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።